ቁልፍ መማር ያስከሰሰባት አገር

መርካቶ ከመሸ በኋላ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ባለሱቁ የላሜራውን መዝጊያ ያወርዳል፤ አንድ ቁልፍ ከላይ፣ አንድ ቁልፍ ከታች ያንጠለጥላል፤ ከዚያ ይጎትተዋል። ሁለት ርምጃ ሄዶ ይመለስና እንደገና ይጎትተዋል። ሌሊቱን ዘበኛ አለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ «ለምን ትቆልፋለህ? ማንን ጠርጥረህ ነው? ከጀርባህ ማን አለ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። ቁልፍ ሠሪውም ቢሆን በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ዳር ሞረዱን ይዞ ቁጭ ብሎ ሙያውን ለልጁ ያስተምራል።

ወደ ኮምፒውተር ስንመጣ ግን ዓለም ይገለበጣል። በዚህች አገር የገዛ ኢሜይሉን እንዴት እንደሚቆልፍ መማሩ ተቆጥሮበት በሽብርተኝነት የተከሰሰ ሰው አለ። «ጋዜጣ ማጋነን አይሰለቸውም» ብሎ ከንፈሩን የሚመጥ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሰን። የምንናገረው በክስ ወረቀት የሰፈረውን ነው።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች፣ ከነሱም ጋር ሦስት ጋዜጠኞች ተለቃቅመው ማዕከላዊ ገቡ። በሐምሌ በጸረ ሽብር ሕጉ ክስ ተመሠረተባቸው። በክሱ ላይ ከተደረደረባቸው ነገር አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባል ማስተማሪያ መሠልጠናቸው! ይኸ ማስተማሪያ ቦምብ መቀመር አያስተምርም። ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ቫይረስ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚመሰጠር፣ ለሰነድ እንዴት መጠባበቂያ ቅጂ እንደሚያዝ ነው የሚያስተምረው። በደህና ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚጀምርበት ሀ ሁ ነው። በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተቋረጠ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነጻ ናችሁ ተባሉ። ጥሩ። እስከዚያ ድረስ ግን ከዓመት በላይ ታስረዋል። ያኔ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሳይንስ ይማር የነበረው ልጅ ይህን ዜና ሲሰማ ምን ትምህርት ቀሰመ? ከመምህሩ ሰሌዳ ያልተማረውን ከዜናው ተምሯል፤ ቁልፍ አትንካ!

በዚያው ሰሞን መንግሥታችን ራሱ ምን ይሠራ ነበር? በር መስበሪያ ይገዛ ነበር።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ የኢሳት ባልደረቦች ኮምፒውተር ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም ለመክተት ተሞከረ። ነገሩን የመረመረው በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ሲሆን፣ መሣሪያው ሃኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ሸቀጥ መሆኑን አወጣ። (ልብ በሉ፤ ያወጣው ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።) ኩባንያው ደንበኞቼን አልናገርም ብሎ ሲግደረደር ከረመና በ2007 ክረምት እሱ ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ምስጢሩ አደባባይ ተሰጣ። ከተሰጣው ወረቀት መካከል የኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ሕዝቡ ኢንሳ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሸቀጥ አንድ ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ተገኘ። ሌላም አለ። ፊንስፓይ በሚባል የዚሁ ዓይነት ሸቀጥ ከአራት ወር በላይ ተሰለልኩ ያለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ እዚያው አሜሪካ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። በክሱ እንደተዘረዘረው የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለታሪክ ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ ያደረገው ፍለጋ ሳይቀር ተቀድቷል። የአንድ ሕፃን የቤት ሥራ! ፍርድ ቤቱ በ2009 ዓ.ም. ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በሚል ምክንያት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ።

የጉዱ ጉድ ግን የመጣው በኅዳር 2010 ነው። ይኸው ሲቲዝን ላብ ሦስተኛ ሸቀጥ አገኘ፤ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት። ለጃዋር መሐመድና ለሌሎችም በውጭ አገር ለነበሩ ተቃዋሚዎች በኢሜይል ይላክ የነበረው ወጥመድ የአዶቤ ፍላሽ ማደሻ መስሎ የቀረበ ነበር። ተመራማሪዎቹ አጥማጁን እንዴት ያዙት? የማን ኮምፒውተር መቼ እንደተያዘ የሚመዘገብበት መዝገብ እዚያው የስለላው ሰርቨር ላይ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ፣ ያለ ቁልፍ፣ ተከፍቶ ተትቶ ነበር! ተመራማሪዎቹ ቡናቸውን እየጠጡ ከዓመት በላይ አነበቡት። አያችሁ አይደል? የሰው በር ለመስበር የአገር ሀብት የሚረጭ መንግሥት የሰላዮቹን በር እንኳ ዘግቶ የሚያድር ሰው አጥቶ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳን ይኸው ነው። መንግሥት የኮምፒውተርን ደኅንነት ዕውቀት እንደ ጠብመንጃ ነው የሚያየው። ጠብመንጃ ደግሞ በግምጃ ቤት ይቀመጣል እንጂ ለተማሪ አይሰጥም። መከላከል ግን ጠብመንጃ አይደለም፤ አጥር ነው። አጥር ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ለጅብ ክፍት ነው። ሦስቱንም ጊዜ ሌባውን የያዘው የስለላ ድርጅት አልነበረም። የሚዘርፈው ነገር የሌለው፣ የሚያነብ፣ የሚመዘግብ፣ ያገኘውን አትሞ የሚያወጣ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው የያዘው። ይህ ሙያ ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ታዲያ በኛ ዩኒቨርሲቲዎች ምን ይመስላል? «ኮምፒውተር ሴኩሪቲ» የሚባል ትምህርት በኮምፒውተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አለ፤ የለም አንልም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው የመውጫ ፈተናም ይጠየቃል። ግን እንዴት ይማሩታል? መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሮማው ቄሳር ፊደል እያዘዋወረ ምስጢር የጻፈበትን ዘዴ ይስላል፤ ተማሪው ይገለብጣል። «ከሚከተሉት ውስጥ ፋየርዎል የትኛው ነው?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጁ «ለ» ብሎ ያልፋል። ፋየርዎል ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ አንድ ሰርቨር ሌሊቱን ሙሉ ማን እንዳንኳኳው የሚጽፈውን መዝገብ አንብቦ አያውቅም፤ ኮምፒውተር ሲወረር ምን እንደሚመስል አላየም። ሬሳ ሳይከፍት ሐኪም፣ ሞተር ሳይፈታ መካኒክ እንደማለት ነው።

የእህቴ ልጅ የዚህ ሰለባ ነው፤ ስሙንም የሚማርበትንም ዩኒቨርሲቲ አልጠራም። ባለፈው ዓመት ውጤቱን በኮምፒውተር ሲያይ በአድራሻው መስመር ላይ የራሱን የመታወቂያ ቁጥር ያስተውላል። በስህተት አንድ አኃዝ ይሳሳታል። ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሌላ ልጅ ውጤት፣ ከነስልክ ቁጥሩ! ልጁ አልሰረቀም፣ አልለወጠም፣ ለጓደኞቹም አላወራም። በማግሥቱ የሚመለከተው ቢሮ ሄዶ «ጋሼ፣ ይኸ ነገር ክፍት ነው፤ ቢዘጋ ጥሩ ነው» አለ። ምስጋና የጠበቀው ሞኝ! «ማን ላከህ?» ነው የተባለው። ስልኩን አምጣ ተባለ። አባቱ ምን እንደሚሠራ ተጠየቀ። ሁለተኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም ብሎ ፈርሞ ወጣ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቀዳዳውስ ተደፈነ ወይ?» አልኩት። «እኔ እንጃ ጋሼ፤ ለማየት መሞከር አለብኝ፤ ከሞከርኩ ደግሞ ፊርማዬ አለ» አለኝ። እስካሁን ያ መልስ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሕጉም ለዚህ ልጅ አያዝንለትም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ኮምፒውተር መግባትን በእስራት ይቀጣል። መግባትስ ወንጀል ይሁን፤ ማንም ቤቱ ሌባ እንዲገባ አይፈልግም። ግን በቅን ልቦና ቀዳዳ አግኝቶ ለባለቤቱ የጠቆመውን ልጅ ሊዘርፍ ከገባው ሌባ በግልጽ ለይቶ «አንተ አትነካም» የሚል አንቀጽ አልተጻፈለትም። ጎረቤትህ በሩን ክፍት አድርጎ ሲተኛ አይተህ «ኧረ በርህን ዝጋ» ብትለው ሌባ ብሎ እንደሚያስይዝህ ነው። እንግዲህ ማን ይጠቁማል? ቅኑ ልጅ ዝም ይላል፤ ክፉው ይገባል። ቀዳዳው እንደሆነ ለሁለቱም እኩል ክፍት ነው።

የመንግሥት የራሱ የመከላከል ዘዴስ? አንድ ዘዴ ብቻ ነው የምናውቅለት፤ ሽቦውን መቁረጥ። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጣና ተሰረዘ። አሳፋሪ ነበር። የአንድ የፈተና ወረቀት ጉዞ ከአዘጋጁ ጠረጴዛ እስከ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት እስከ ወረዳ፣ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ ማን ቁልፍ እንደያዘ፣ የት እንደፈሰሰ መመርመር ነበር የሚገባው። ይኸ እንግዲህ አንድ የመከላከል ተማሪ ለመመረቂያ ሊሠራው የሚችል ጥናት ነው። እኛ ጋ ምን ተደረገ? በድጋሚ ፈተናው ማኅበራዊ ድረ ገጾች ተዘጉ፤ በቀጣዩ ዓመት በ2009 ለፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ከአገር ተቋረጠ፤ በሰኔ 2011ም የፈተናው ሰሞን እንዲሁ ጨለመ። ሌባ ለመያዝ የሰፈሩን መብራት ማጥፋት! የባንክ ሥራ ቆመ፣ የአየር መንገድ ወኪሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ጨለማ ሲወርድ አብሮ የጨለመው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኪሳችን እንምጣ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የተፈጸመውን ማንም አይረሳውም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላልቶ ሰው በሒሳቡ ከሌለው በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል በስልክ ሲዛመት ተማሪው ከአልጋው ዘሎ በኤቲኤሙ ፊት ተሰለፈ። የባንኩ ፕሬዚዳንት በኋላ እንደገለጹት 801 ሚሊዮን ብር ያህል ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ።

የሚገርመው ግን እዚህ ጋ ነው። ባንኩ «የሳይበር ጥቃት አይደለም፤ ደንበኞቻችን አትስጉ» ብሎ ነበር ያጽናናን። እንዴ! ይኸ እኮ የባሰ ነው! ጠላት ሰበረው ቢባል አንድ ነገር ነው። ማንም ሳይሰብረው፣ ባለቤቱ ሲስተሙን ሲያሻሽል በሩን ራሱ ከፍቶት አደረ ማለት ነው። መከላከል የሚባለው ትምህርት ግማሹ ይኸ ነው። አዲስ ነገር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሌላ ቦታ መሞከር፣ አርብ ማታ ሰው በሌለበት ሰዓት አለመንካት፣ ከሒሳብ በላይ ወጪ ሲበዛ የሚጮህ ደወል ማበጀት፣ ደወሉ ሲጮህ የሚነቃ ሰው መመደብ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ጠዋት ላይ ነው የነቃነው። ያ ሌሊት በየዩኒቨርሲቲው ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚበቃ መማሪያ ነበር። ስህተቱ ደቂቃ በደቂቃ ተጽፎ፣ የሰው ስም ሳይጠራ፣ ለመምህራን ቢሰጥ ኖሮ ስንት ልጅ ተምሮበት ነበር! ለአደባባይ የቀረበው መግለጫ ግን የጥገናና የማሻሻያ ችግር ነው በሚል በጥቂት መስመር የሚያልቅ ሆነ። ሰልፍ የወጣው ተማሪ ፎቶ ተለጠፈ፤ በሩ እንዴት እንደተከፈተ የሚያስረዳው ወረቀት ግን አልተለጠፈም።

እንደኛው ድሃ የሆነችው ባንግላዴሽ ምን እንደደረሰባት ብናይ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ዘራፊዎች የአገሪቱን ማዕከላዊ ባንክ ኮምፒውተር ይዘው ኒውዮርክ ካለው ሒሳቡ 951 ሚሊዮን ዶላር ለማስወጣት ትእዛዝ አስተላለፉ። 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ገብቶ ቀለጠ። 20 ሚሊዮኑ ደግሞ ወደ ስሪላንካ ሲሄድ ዘራፊዎቹ «ፋውንዴሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ፋንዴሽን» ብለው በስህተት በመጻፋቸው ተጠርጥሮ ተያዘ። የፖሊስ መርማሪዎች እንዳሉት ባንኩ መረቡን ያገናኘው በአሥር ዶላር በተገዙ አሮጌ ማገናኛዎች ነበር፤ ፋየርዎልም አልነበረውም። ከዚህ ሁሉ ልብ የሚነካው የፕሪንተሩ ነገር ነው። እያንዳንዱ የገንዘብ ዝውውር በወረቀት የሚታተምበት ፕሪንተር ነበር፤ ዘራፊዎቹ ቀድመው እሱን አሰናከሉት። ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ፕሪንተሩ እንደማይሠራ አየ። «ፕሪንተር ነው፣ ሁሌም ይበላሻል» ብሎ አለፈ። አንድ የተማረ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ለምን ዛሬ? ለምን ይኸኛው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር በተለወጠ። መከላከል የምንለው ሙያ ጭምብል የለበሰ ጎረምሳ የሚሠራው ጀብዱ አይደለም። የተበላሸ ፕሪንተርን የሚጠረጥር ጠባይ ነው። ይኸ ጠባይ ደግሞ በደም አይወረስም፤ ይማሩታል።

እዚህ ላይ ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን፤ እንዳትቀየሙን። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል «ሃከር» የማይል የለም። በፊልም ያየው ጥቁር ስክሪንና አረንጓዴ ፊደል ልቡን ሰልቦታል። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ የታደሰውን ፕሮግራም በጊዜው መጫን፣ ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የይለፍ ቃል በዚያው ቀን እንዲሰረዝ ማድረግ የሚያኮራ አይመስለውም። የሚያኮራው ግን ይኸኛው ነው። አጥቂ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ተከላካይ ቤቱን በሙሉ ማወቅ አለበት። የባንኩን ሒሳብ አያያዝ፣ የጸሐፊዋን ልማድ፣ የመብራቱን መጥፋት፣ ሕጉን፣ የሰውን ስንፍና ሳይቀር። ለዚህ ነው ማጥቃት በመኝታ ቤት ተቆልፎ የሚለመደው፣ መከላከል ግን ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው።

«መከላከል ማስተማር ማጥቃት ማስተማር ነው፤ ነገ ባንክ ይዘርፉብናል» የሚሉ ሹሞች አሉ። ይህን ክርክር አናቃልለውም፤ ቁልፍ የሚሠራ መክፈትም ያውቃል። ታዲያ ፋርማሲስቱ መርዝ ያውቅ የለም እንዴ? ሐኪሙ የት ቢወጋ ሰው እንደሚሞት ያውቅ የለም? የሕግ ተማሪ ሌባ በየት እንደሚያመልጥ አይማርም? ሙያ ከነሥነ ምግባሩ፣ በመምህር ፊት፣ በፊርማና በደንብ ሲማሩት ነው የሚገራው። መዝረፍ የፈለገ ልጅ ማጥቂያውን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያገኘዋል፤ የናንተን ፈቃድ አይጠብቅም። እናንተ የከለከላችሁት የሚጠብቀውን ልጅ ብቻ ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለውንም እንዳታመጡብን። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ከኢንተርኔት የተነጠለ አንድ ክፍል፣ ተማሪ ቢያበላሸው የማያሳዝን ኮምፒውተር፣ በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ፣ በነጻ የሚገኙት ዋየርሻርክና ስኖርት ናቸው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አምስት ስድስት ምናባዊ ኮምፒውተር ፈጥሮ አንዱ እንዲያጠቃ፣ ሌላው እንዲከላከል፣ ሦስተኛው መዝገቡን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ማንም ጎረቤት አይነካም። ለሃኪንግ ቲም የተከፈለው አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ኮምፒውተሩን በ500 ዶላር ብናስበው፣ ሁለት ሺህ ኮምፒውተር ነው። ሁለት ሺህ! ገንዘቡስ ነበር፤ ያልነበረው ፈቃዱ ነው።

«ያ የኢሕአዴግ ዘመን ነው፤ አሁን ተለውጧል» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2012 ኢሕአዴግ ፈርሶ በሌላ ፓርቲ ተተክቷል፤ የጸረ ሽብር ሕጉም በዚያው ዓመት በሌላ ተተክቷል፤ ኤጀንሲውም «አስተዳደር» ተብሏል። ኢንሳ በየክረምቱ ጎበዝ ልጆችን ሰብስቦ የሳይበር ሥልጠና መስጠት ጀምሯል። ከዞን ዘጠኝ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ለውጥ ነው፤ አንክድም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ከኢንሳ መሥራቾች አንዱ ናቸውና ነገሩ አይገባቸውም አንልም። ይልቁንስ ከማንም በላይ ይገባቸዋል።

ግን የክረምት ካምፕ ዩኒቨርሲቲ አይሆንም። የስለላ ክንፍ ያለው መሥሪያ ቤት የአገሪቱን የቁልፍ ትምህርት በብቸኝነት ሊይዝ አይገባም። የመስኮት መከፈት የሚጠቅመው ሰው መስኮት አዘጋግ አስተማሪ ሲሆን ጥያቄ ይነሳል። ተማሪው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ቀዳዳ ቢያገኝ መሥሪያ ቤቱ ምን ያደርገዋል? ያስደፍነዋል ወይስ ለራሱ ያስቀምጠዋል? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ ለባለቤቱ ይነገራል፣ ይደፈናል፣ ከዚያ ይታተማል። ሪፖርታቸውንም ተመልከቱ። በየዓመቱ ይህን ያህል ሺህ ጥቃት ተሞከረ፣ ከመቶ ዘጠና ምናምኑ ከሸፈ ይሉናል። ያልከሸፈውስ? ከጥቂቶቹ አንዱ የኔ ባንክ ከሆነስ? ቆጣሪውም፣ ተቆጣሪውም፣ አመስጋኙም አንድ ቤት ሆኖ እንዴት ይታመናል? ራሱን ችሎ የሚቆጥር ምሁር እንዲኖር መጀመሪያ ምሁሩ ይማር።

ይኸ የምሁራን ጨዋታ ነው ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ያሰበ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ያስብ። የቴሌብር ደንበኛ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ የእያንዳንዳችንን የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል እየሰበሰበ ነው፤ ያለ እሱ ባንክ አዲስ ሒሳብ መክፈት እየቀረ ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል። ጣት ግን አይለወጥም! በሰብል ሽያጭ ያገኛትን ብር በስልኩ የያዘው ገበሬ፣ ከቤሩት በላብዋ የላከችው እህታችን ገንዘብ የገባበት ሒሳብ፣ የጡረተኛው አበል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ያንን የሚጠብቀው ማን ነው? ከፊሉን የሚጠብቀው ያ «ለ» ብሎ ያለፈው ልጅ ነው፤ ተመርቆ ባንክ ተቀጥሯል። ሌላው ደግሞ ፈርሞ የወጣው የእህቴ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር፤ እሱ ግን አሁን ለውጭ አገር ኩባንያ የድረ ገጽ ቀለም መቀባት ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርንና ኢንሳን በግልጽ እንጠይቃለን። ቀዳዳ አግኝቶ የጠቆመ ተማሪ እንዳይከሰስ በጽሑፍ ቃል ትሰጣላችሁ ወይ? መቼ? በመንግሥት ባንክና መሥሪያ ቤት የደረሰ ብልሽት ከስድስት ወር በኋላ እንኳ ቢሆን ተጽፎ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ይደርሳል ወይ? ኮምፒውተር ሳይንስ በሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ያ አንዱ ከመረብ የተነጠለ ክፍል መቼ ይከፈታል? ቁልፉስ በመምህሩ እጅ ይሆናል ወይስ በሌላ ሰው?

መልስ ካላችሁ ዓምዱ ክፍት ነው። ሳንቆርጥ ሳንቀጥል እናወጣዋለን።